ፈቃዱ ለየትኛው ትምህርት ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

  



ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ከወትሮው ትንሽ ለየት ይላል። ስለ ሰላት ወይም ስለ ዘካ አይደለም። በርቀትና በኦንላይን እናስተምራለን ስለሚሉ ኮሌጆች፣ አላቸው ስለሚባለውም የእውቅና ፈቃድ ነው። «ይህ ኢማምን ምን አገባው?» የሚል አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ያገባኛል። ለምን እንደሚያገባኝ አስቀድሜ ልናገር።

እኔው ያስተዋወቅኩት ኮሌጅ

በመስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው ከጁሙዓ በፊት መስጊዳችን ግቢ መጥቶ አገኘኝ። ከአንድ ኮሌጅ እንደተላከ፣ ኮሌጁ በከተማችን ቅርንጫፍ እንደከፈተ፣ ሙስሊም ወጣቶች በተለይም እህቶች ከቤታቸው ሳይርቁ በርቀት ዲግሪ መማር እንደሚችሉ ነገረኝ። ነገሩ ደስ አሰኘኝ። ሴት ልጁን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ልኮ ቤት ተከራይቶ ማስተማር የማይችል ስንት አባት አውቃለሁ! «ፈቃድ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አሳየኝ። ማኅተሙን አየሁ። ወረቀቱን ግን አላነበብኩም።

ከሰላት በኋላ ጀመዓውን አስቀምጬ ተናገርኩ። «ልጆቻችሁን አስመዝግቡ» አልኩ። ከጀመዓችን አምስት ወጣቶች ተመዘገቡ።

ከአምስቱ አንዷ የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ልጅ ነበረች። እናትየዋ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ከአባቷ የደረሳት ቁራሽ መሬት አላት። እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ ዲከረንስ ትተክላለች፤ ሲደርስ ከሰል ታከስላለች። የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ከከሰሉ ሽያጭ ከፈለች። ከዚያ በኋላ ድንች እየሸጠች፣ እቁብ እየጣለች ቀጠለች። ልጅቱ ስትመዘገብ የተተከለው ችግኝ ልጅቱ ስትመረቅ ለከሰል ደርሶ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ልጅቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ለመሆን ተወዳድራ አንደኛ ወጣች። መሥሪያ ቤቱም የትምህርት ማስረጃዋን ለማጣራት ደብዳቤ ጻፈ። የመጣው መልስ አጭር ነበር። ኮሌጁ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን በሌላ ከተማ ለሚገኝ ግቢ፣ ለመደበኛ ትምህርት የተሰጠ ነው። በእኛ ከተማ ቅርንጫፍ፣ በርቀት፣ በዚያ የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምር አልተፈቀደለትም።

አብሬያቸው ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። ስልኩ አይነሳም። ያን ቀን እናትየዋ የተናገረችኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። «ኢማም፣ የዲከረንስ ችግኝ ስገዛ እንኳ ከየት ችግኝ ጣቢያ እንደመጣ ጠይቄ ነው። የልጄን ትምህርት ግን አልጠየቅኩም። እርስዎ ብለውኛላ!» ነው ያለችኝ።

ውድ አድማጮች፣ ኪታብ ሲቀራ ሐረካ የምትቆጥር ዐይን ይዤ፣ የማታ ኮሌጅ ተምሬ የተመረቅኩ ሰው ሆኜ፣ የአምስት ቤተሰብ ገንዘብና የአራት ዓመት ዕድሜ የሚወሰንበትን አንድ ገጽ ወረቀት ሳላነብ ቀረሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ያነበብኩትን ነው።

እውቅና ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሲበዙ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። በ2014 ዓ.ም. ይህ ሥራ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተላለፈ። ስሙ ቢለወጥም የሥራው ምንነት ያው ነው። አንድ ኮሌጅ ለማስተማር ሲጠይቅ መምህራኑ እነማን እንደሆኑና ምን ያህል እንደተማሩ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የተሟላ መሆኑን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የተማሪ መዝገብ አያያዙን ይመዝናል። መስፈርቱን ካሟላ የእውቅና ፈቃድ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ነጥብ ልብ በሉልኝ። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ትምህርት ነው የሚሰጠው። ይህን ለመረዳት ለእኛ ለሙስሊሞች የሚያስቸግር አይመስለኝም። የቀደሙት ዑለማዎቻችን ወሎ ድረስ በእግራቸው እየተጓዙ፣ ከሸይኽ ሸይኽ እየተዘዋወሩ ሲቀሩ ኢጃዛ ይሰጣቸው ነበር። ኢጃዛው «ይህ ሰው አዋቂ ነውና ሁሉን ያስተምር» አይልም። ይህን ኪታብ፣ ከእኔ ዘንድ ቀርቶ ጨርሷልና ያስተምር ነው የሚለው። በፊቅህ ኪታብ ኢጃዛ ያለው ሰው በዚያው ኢጃዛ ሐዲስ ላቅራ ቢል ማን ይቀበለዋል? የኮሌጅ ፈቃድም እንደዚሁ ነው። በሂሳብ አያያዝ የተፈቀደለት በነርስነት አልተፈቀደለትም። በአዲስ አበባ የተፈቀደለት በእንጅባራ አልተፈቀደለትም። በመደበኛ የተፈቀደለት በርቀት ወይም በኦንላይን አልተፈቀደለትም።

ስለዚህ «ኮሌጁ እውቅና አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄያችን ራሱ ጎደሎ ነው። ያ ሰው «አዎ፣ አለን» ብሎ ሲመልስልኝ አልዋሸም ሊል ይችላል። እውነት ፈቃድ ነበራቸው። እኔ ነኝ በደንብ ያልጠየቅኩት።

አምስቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ክፍያ ከመክፈላችን በፊት ፈቃዱን በእጃችን ይዘን አምስት ነገሮችን እናንብብ።

አንደኛ፣ ለየትኛው የትምህርት ዓይነት? ልጃችን የምትማረው «ማኔጅመንት» ከሆነ ወረቀቱ ላይ ማኔጅመንት የሚል መኖር አለበት። የሚቀራረብ ስም አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ለየትኛው ደረጃ? ለመጀመሪያ ዲግሪ የተሰጠ ፈቃድ ለሁለተኛ ዲግሪ አይሆንም። ቴክኒክና ሙያን ከዲግሪ ጋር የሚያቀላቅሉም አሉ። የሙያ ሥልጠና የራሱ ደረጃና የራሱ ምዘና አለው። ሲኦሲ የምንለው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ለየትኛው ግቢ? የግቢው ከተማ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ዳንግላ ላይ የሚያስመዘግብ ሰው የባሕር ዳርን ፈቃድ ቢያሳያችሁ፣ ያሳያችሁ የሌላ ሰው ቤት ካርታ እንደሆነ ቁጠሩት።

አራተኛ፣ በየትኛው አሰጣጥ? መደበኛ፣ የማታና የሳምንት መጨረሻ፣ ርቀት፣ ኦንላይን የተለያዩ ናቸው። ዛሬ ዋናው ወጥመድ ይህ ነው። በግቢው ሲያስተምር የነበረ ኮሌጅ አንድ ቀን በቴሌግራም ቪዲዮ መላክ ይጀምርና «ኦንላይን ጀምረናል» ይላል። ቪዲዮ መላክ ይችል ይሆናል። ለዚያ ዲግሪ መስጠት ግን የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል።

አምስተኛ፣ እስከ መቼ? ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን አለው። ልጃችን በሁለተኛ ዓመቷ ላይ ሳለች የሚያበቃ ከሆነ ለእድሳት አመልክተው እንደሆነ እንጠይቅ።

ይህን አምስቱን ካነበብን በኋላ ኮሌጁ በሰጠን ወረቀት ብቻ አንተማመን። ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሰጣቸውን ተቋማትና የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። ዘመድ አዲስ አበባ ካለም በአካል ቀርቦ መጠየቅ ይቻላል። በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያዘናል። እኔ ሳላጣራ ተናግሬ ተጸጸትኩ። እናንተ ግን አጣሩ።

ማጣራቱም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት እንዲቆም ማዘዙን፣ በኋላም በመስፈርት መፍቀዱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ባለሥልጣኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በአዲስ መስፈርት እንደገና ሲመዘግብ፣ ትናንት የነበረ ፈቃድ ሁሉ ዳግም ተመዝኗል። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ከአምስት ዓመት በፊት ከዚያ ኮሌጅ ተመርቃ መቀጠሯ ለእኛ ልጅ ማስረጃ አይሆንም። በየዓመቱ ምዝገባ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ መጠየቅ ልማዳችን ይሁን።

ፈቃድ የሚመስሉ ወረቀቶች

አሁን ያ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የንግድ ፈቃድ ነበር! ከሥሩ ደግሞ የሌላው ግቢ እውቅና ፎቶ ኮፒ ተያይዞ ነበር። የንግድ ፈቃድ ሱቅ ለመክፈትም፣ ወፍጮ ለመትከልም ይወጣል። ግብር ለመክፈል ያገለግላል። ዲግሪ ለመስጠት አያበቃም።

ሌላም አለ። «የእገሌ ዓለም አቀፍ ማኅበር አባል ነን» የሚል ሰርተፍኬት፣ «ከእገሌ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተፈራርመናል» የሚል ፎቶግራፍ፣ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ የሚያሳይ ምስል። ይህ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን እውቅና አይደለም። «ፈቃዳችን በሂደት ላይ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። በሂደት ላይ ያለ ፈቃድ የሌለ ፈቃድ ነው። ሂደቱ ሲያልቅ ይምጡ፤ ያን ጊዜ እንከፍላለን።

ውጤቱ ያላማረለት ልጅ

ወላጆች በችኮላ የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጥብቅ ከሆነ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ብቻ ነበሩ። የቀረው ልጅ ሁሉ የት ይሂድ? እቤት ተቀምጦ ያዝናል፤ ወላጁም አብሮ ያዝናል። ልክ በዚያ ሰሞን «ያለ ምንም መስፈርት እንመዘግባለን፣ ቦታው ሳያልቅ ፍጠኑ» የሚል ማስታወቂያ በስልኩ ላይ ይመጣል። ያኔ ሞጁል በካርቶን ይዞ ይመጣ የነበረው ሰው ዛሬ በቴሌግራም ነው የሚመጣው።

ወገኖቼ፣ «ያለ መስፈርት» የሚለው ቃል ደስ ሊያሰኘን ሳይሆን ሊያስደነግጠን ይገባል። የመግቢያ መስፈርቱን የሚያወጣው ኮሌጁ አይደለም። መንግሥት ነው። ኮሌጁ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ ልጁን ከመስፈርት ውጭ ከመዘገበው፣ ማስረጃው ሲጣራ ልጁ ይወድቃል። የሚቀጣው ገንዘቡን የተቀበለው ሳይሆን ዓመቱን ያቃጠለው ነው። ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር የፈለጉ ልጆች ሲኦሲ ሳይኖራቸው ተመዝግበው በኋላ የተመለሱበትን ሁኔታ በዐይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከአምስቱ ጥያቄዎች ጋር ስድስተኛ አድርጋችሁ «ለልጄ ውጤት የዘንድሮው የመግቢያ መስፈርት ይፈቅዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውጤት ያልመጣለት ልጅ በር ሁሉ አልተዘጋበትም። ደግሞ መፈተን ይችላል። መንግሥት የከፈተው የማካካሻ ትምህርት ለሚፈቅድለት ማካካሻ መማር ይችላል። በደንብ የተያዘ የእጅ ሙያ፣ ብረት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ልብስ ስፌት ደግሞ ፈቃድ በሌለው ኮሌጅ ከተገኘ ዲግሪ በብዙ ይበልጣል። ሐላል ሪዝቅ በዲግሪ ብቻ የሚመጣ ያደረግነው እኛው ነን።

ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚመጡት

አሁን ደግሞ ወደ ውጭዎቹ እንሂድ። በተለይ በዐረብ አገር የምትሠሩ፣ በስልክ የምታዳምጡን እህቶችና ወንድሞች ልብ በሉ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በፓኪስታን ካራቺ ስለሚገኝ አክዛክት ስለተባለ ኩባንያ አንድ ምርመራ አወጣ። ኩባንያው ቢያንስ 370 ድረ ገጾች ነበሩት። በድረ ገጾቹ ላይ ያማሩ ሕንጻዎች፣ ፈገግ የሚሉ ፕሮፌሰሮች ይታዩ ነበር። ሕንጻውም ፕሮፌሰሩም አልነበሩም። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ እውቅና ሰጪ የሚባሉትን ተቋማት ጭምር ራሳቸው ፈጥረው በሌሎች ድረ ገጾች ማስቀመጣቸው ነው። ደንበኛው «እውቅና አላችሁ?» ሲል «አዎ፣ ይኸውና ራስህ አረጋግጥ» ይሉታል። ሄዶ ያረጋግጣል። ያረጋገጠለት ግን ያው ሌባው ነው። ከተታለሉት መካከል በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ 21 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ከዚህ የምንማረው እውቅናው ብቻ ሳይሆን እውቅና ሰጪውም እንደሚጠየቅ ነው። ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ሰዎች «ከማን ሰማህ?» ብለው አያቆሙም። «እርሱስ ከማን ሰማ? ታማኝ ነው ወይ?» እያሉ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻ ይከተላሉ። የኮሌጁም ሰንሰለት አንድ አገር መንግሥት የሚያውቀው አካል ዘንድ መድረስ አለበት። ኮሌጁ «እገሌ የሚባል ቦርድ አጽድቆኛል» ካለ፣ ያንን ቦርድ የዚያ አገር ትምህርት ሚኒስቴር ያውቀዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አድራሻውን ኮሌጁ ከሰጣችሁ ሳይሆን ከሚኒስቴሩ ዘንድ ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የውጭው ዲግሪ እውነተኛ ቢሆንም በአገራችን ለሥራ እንዲያገለግል የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ሊሰጠው ይገባል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ብዙ ወጣቶቻችን ዶክተር ቢላል ፊሊፕስ ስለመሠረቱት፣ ዋና መቀመጫው ጋምቢያ ስለሆነው ኢንተርናሽናል ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይጠይቁኛል። «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ይሉኛል። የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ዲን ለማወቅ፣ ለራስህና ለቤተሰብህ የምትማር ከሆነ ትምህርቱን አይተህ ወስን። በዲግሪው ኢትዮጵያ ውስጥ ልቀጠርበት ካልክ ግን ጥያቄው ለእኔ ሳይሆን ለባለሥልጣኑ ነው። የምትፈልገው የትምህርት ዓይነት አቻ ግምት ያገኛል ወይ ብለህ ከመመዝገብህ በፊት ጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። በእስላማዊ ስም መጠራት ከጥያቄ ነጻ አያወጣም። ያ እኔን ያታለለኝ ሰውም በሰላምታ ነው የጀመረው።

ፈቃድ ስላለ ብቻ አይበቃም

አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የተፈቀደ ኮሌጅ ቢያገኝ ጨረሰ ማለት ነው? አይደለም። ፈቃድ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። በዚያ ዓመት ሐምሌ በተሰጠው ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ግን 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ፈቃድ ባላቸው ኮሌጆች የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ኮሌጁን «ባለፈው ዓመት በዚህ ትምህርት ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ? ስንቱ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥሩ ውጤት ያለው ኮሌጅ ሳይጠየቅም ይናገራል። የሚያቅማማ ከሆነ ማቅማማቱ ራሱ መልስ ነው።

ለእኛ ለአዊ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄም አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳም። በኦንላይን ይማሩ የነበሩ ልጆች ያን ጊዜ ምን ሆኑ? ትምህርታቸው ተቋረጠ፣ ፈተናቸው አለፋቸው፤ አንዳንዶቹ ለአንድ ፈተና ሲሉ ባልተረጋጋ መንገድ ተሳፍረዋል። እናም ስንመዘገብ «ኔትወርክ ቢጠፋ ልጄ እንዴት ይፈተናል? ጽሑፉ በወረቀት ይሰጠዋል ወይ? ዓመቱ ይቃጠልበታል ወይስ ይጠበቅለታል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም በውሉ ላይ እናስጽፍ።

ስለ ውል ካነሳን ዘንድ፣ ከቁርኣን ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው። ስለ ብድር ውል መጻፍና ምስክር ማቆም ነው የሚናገረው። አላህ (ሱ.ወ.) ለዚህ ይህን ያህል ስፍራ ከሰጠ፣ እኛ ለአራት ዓመት የሚቆይ ክፍያ እንዴት በቃል ብቻ እንዋዋላለን? ክፍያው በኮሌጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ በአንድ ሰው የግል ስልክ አይላክ። ደረሰኝ ይያዝ። የፈቃዱ ፎቶ ኮፒ፣ የምዝገባው ወረቀት፣ የእያንዳንዱ ሴሚስተር ውጤት በአንድ ፋይል ይቀመጥ። እነዚያ አምስት ቤተሰቦች ደረሰኝ ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ ለክስ የሚሆን ነገር በእጃቸው ይኖር ነበር። ሦስቱ አልነበራቸውም።

ቀድሞ ለገባበት

አሁን እየሰማችሁኝ «እኔማ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ፤ ዛሬ ምን ላድርግ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አትደንግጡ፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ጠይቁ። ያሏችሁን ወረቀቶች ሰብስቡና ትምህርቱ በዚያ ግቢ፣ በዚያ አሰጣጥ የተፈቀደ መሆኑን ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ አመልክታችሁ አጣሩ። ካልተፈቀደ ተጨማሪ አንድ ብር አትክፈሉ። «ይህን ያህል ከፍዬ እንዴት ላቋርጥ?» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው አክስሯል። የሞተ ከብት መኖ ቢሰጡት አይነሳም።

አንዳንዱ ደግሞ በንዴት ሌላ መንገድ ያስባል። ሐሰተኛ ማስረጃ የሚሠሩ ሰዎች አሉና ከእነርሱ እገዛለሁ ይላል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ በሕግ ወንጀል ነው። በአላህም ዘንድ ማታለል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያታልል ከእኛ እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። በሐሰት ወረቀት የተያዘ ወንበር ደግሞ ሌሊት ተነስቶ ያጠና የሌላ ድሃ ልጅ ወንበር ነው። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚገኘው ደሞዝ ለልጆች የምናጎርሰው ነውና እናስብበት። የተበደለ ሰው በዳይ እንዲሆን አልተፈቀደለትም።

ለእኛ ለኢማሞችና ለመስጊድ ኮሚቴዎች

በመጨረሻም ንግግሬን ወደ ራሳችን ልመልስ። መስጊድ ላይ የተነገረ ቃል ገበያ ላይ እንደተነገረ ቃል አይደለም። ሰዉ ጥያቄውን ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ያንን አመኔታ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለ። ማንም ኮሌጅ በመስጊዳችን ማስታወቂያ ማስነገርም ሆነ መለጠፍ ከፈለገ ፈቃዱን ለኮሚቴው ያቀርባል። ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው አስተማሪ የሆነ ወንድማችን ነው፣ አምስቱን ነጥቦች አንብበው፣ ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ጋር አመሳክረው ይፈርማሉ። እስካሁን ከመጡት ብዙዎቹ «ነገ ይዘን እንመጣለን» ብለው አልተመለሱም። በየመስጊዱ እንዲህ ብናደርግ የስንት ቤት ገንዘብ ይተርፋል!

ያቺ ልጅ ምን ሆነች ትሉ ይሆናል። አልሐምዱ ሊላህ። እናቷ አልተወቻትም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምራ ሌላ ቦታ፣ ይህን ጊዜ ፈቃዱን ራሷ አንብባ፣ ከመጀመሪያው ተማረች። በ2016 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናውን አለፈች። አራት ዓመት የሚፈጀውን ዲግሪ በዘጠኝ ዓመት ያዘች ማለት ነው። የምርቃቷ ቀን ቤታቸው ተጠርቼ ሄድኩ። እናትየዋ ቡና እያፈላች «ኢማም፣ ይኸኛውን ወረቀት አንብበውታል?» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ጠቃሚ እውቀት ይስጣቸው። የወላጆችን ልፋት ከአታላዮች ይጠብቅ። የተናገርነውን የምናጣራ፣ ለተሳሳትነው የምንጸጸት ያድርገን። አሚን።